ከአርባ አንደኛው ደቂቃ ወዲያ

ፈቀዱልን! ዛሬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የእሳቸው ሳቅ ሁልጊዜ ከቃላቸው ስለሚቀድም መጀመሪያ ሳቃቸውን ሰማሁ፣ ቀጥሎ «ሐያት፣ ጠረጴዛው ተሰጠን!» አሉኝ። የላስ ቬጋሱ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሽማግሌዎች በአዳራሹ መስኮት ሥር ያለውን ረጅም ጠረጴዛ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለእሳቸውና ለእኔ ለቀቁልን። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ስዘል፣ ከሌሊት ሺፍት ገብታ የተኛችው እማዬ ግድግዳውን በጡጫ መታችና «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልታፈርሽው ነው?» አለች። በግድግዳው በኩል ጮኬ ነገርኳት። ከዚያ ከማዶ እልልታዋን ሰማሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፍ ያደረ ሰው እልል የሚልበት ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም።

ዘልዬ ሲደክመኝ ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትዝታ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። አባዬም «ገና ትላንት የተወለድሽ ልጅ ምን ታስታውሻለሽ?» ብሎ ስቆብኛል። እኔ ግን ያ በር ሁሉ የተዘጋበት የኮሮና ጊዜ፣ ሰው በጭንብል ተሸፍኖ በዓይኑ ብቻ ሰላም ይባባል የነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሙሉ ዘመን ያህል ርቆ ይታየኛል። ይህን ፊደል እንኳ እጄ ሳይፈራ መጻፍ የቻልኩት ያኔ ነው፤ እማዬ ሥራ ስላልነበራት በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ገጽ ታስጽፈኝ ነበር። ስሳሳት በእርሳሱ ጫፍ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ኋላ ልመለስ ነው።

የላስ ቬጋስን ሰው መብራት አይገርመውም፤ የሚገርመው ጨለማ ነው። ካዚኖዎቹ ሲዘጉ አባዬ አንድ ቀን ምንም ተሳፋሪ በሌለበት ታክሲ ይዞኝ ወጣና በዋናው መንገድ ቀስ እያለ አለፍን። ሻንጣ የሚጎትት የለም፣ በሙሽራ ልብስ ፎቶ የሚነሳ የለም፣ ፏፏቴው ዝም ብሏል። ርግቦች መንገዱን የገዙት ይመስል መሃል ለመሃል ይራመዳሉ። አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ስሚ» አለኝ። ምንም አይሰማም። እማዬ ደግሞ ሥራ ሲቆም እጇ መቆም አቃተው፤ የቤታችንን ፎጣ ሁሉ በሆቴሉ ሥርዓት እንደ ዳክዬ እያጠፈች በየአልጋችን ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሰባት ፎጣ፣ ሰባት ዳክዬ። ፊታችንን ለመታጠብ አንድ ዳክዬ መፍታት ነበረብን።

ትምህርቴ በኮምፒውተር ሆነ። ኢንተርኔታችን ከአንድ ሰው በላይ ስለማይሸከም፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ አባዬ ዜና ከከፈተ የመምህሬ አፍ እንደተከፈተ ይቀራል። ለመዝናኛ ስለዚህ ወደ ጥንቱ ነገር ዞርኩ። ከቻይናታውን ብዙ ሳይርቅ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አለ፤ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ የጣለው የፊልም ዲስክ በትልልቅ ሳጥን ሞልቶ፣ አንዱ በአንድ ዶላር ይሸጣል። ማጫወቻውንም፣ እነአባዬ «ዴክ» የሚሉትን፣ እዚያው አገኘሁት፤ እንደ ድንጋይ የከበደ፣ በሩ ሲከፈት እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት። ታዲያ ከምገዛቸው ዲስኮች ከሦስት አንዱ በሽተኛ ነው። ፊልሙ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ልጅቷ በሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ስታክ ያደርጋል። ወይም ይዘላል፦ ሲጣሉ የነበሩት ሰዎች በድንገት እየተሳሳቁ እራት ይበላሉ፣ ማን ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ ሳይታወቅ። ወይም ደግሞ ፊታቸው እንደ መታጠቢያ ቤት ሸክላ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። እኔ እስቅ ነበር።

ለእማዬ ግን የማያስቅ አንድ ዲስክ ቤታችን ውስጥ ነበረ። የእሷና የአባዬ ሠርግ ነው፤ ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ የተሠረገ። እዚያ ውስጥ አያቴ ዘምዘም አለች። ከአገር ስንወጣ የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ አያቴን አላስታውሳትም፤ ስትሞትም እማዬ ወረቀቷ ገና ስላልተስተካከለ ለመሄድ አልቻለችም። ከእሷ የቀረን ለመታወቂያ የተነሳችው አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ አክስቴ ይህን ዲስክ በሰው እጅ ላከችልን። አባዬ ከኤርፖርት ተቀበለውና ለጋብቻቸው ቀን ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብሎ ከታክሲው የፊት ኪስ ውስጥ ደበቀው። የጋብቻቸው ቀን መስከረም ላይ ነው። ዲስኩ የመጣው ግንቦት ላይ። የዚህን አገር በጋ ለምታውቁ ሰዎች ከዚህ በላይ መናገር አይጠበቅብኝም፤ እዚያ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቸኮሌት ሾርባ ይሆናል።

ዲስኩ ይሠራል፤ እስከ አርባ አንደኛው ደቂቃ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አለ፦ ትከሻው ከአባዬ በሁለት ጣት የሚሰፋ ኮት፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የስጦታ ብርጭቆ፣ አቧራው ላይ የሚጨፍሩ ሰዎች፣ ከድንኳኑ ጥግ የምታለቅስ አክስቴ። ከዚያ አያቴ ትመጣለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። እማዬ ፊት ትቆማለች፣ ሁለት መዳፏን ትዘረጋለች፣ «ልጄ ዘሃራ፣ አላህ...» ትላለች። ስታክ። እማዬ ይህን ምርቃት በሠርጓ ዕለትም አልሰማችውም። «በመከናነቢያ ሥር፣ በእልልታ መሃል፣ በለቅሶዬ ላይ ምን ይሰማኛል? ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት» ትላለች። በየዒዱ ዲስኩን ትከፍታለች፤ አርባኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ራሷ ታጠፋዋለች። «ይበቃል» ብላ ትነሳለች። ሲቆም ማየት አትፈልግም። በዚያ ረመዳን ግን፣ መስጊዱም የሰው ቤትም በተዘጋበት፣ አላጠፋችውም። ተወችው። አያቴ መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች፣ እማዬም ከፊቷ እንደተቀመጠች ቀረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱን አየኋቸው። ይህን ዲስክ ሳላድነው አላርፍም ብዬ በልቤ የማልኩት ያኔ ነው።

ሱቆቹ በግማሽ በር ሲከፈቱ ወደ አሮጌ ዕቃ መሸጫው ሮጥኩ። አንድ ሰማያዊ ጭንብል ያደረጉ ሽማግሌ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዲስኮችን አንድ በአንድ ወደ ጣሪያው መብራት ቀና ያደርጋሉ። እኔ ለእማዬ ደውዬ በአማርኛ እያወራሁ አንዱን ሳነሳ ሰውየው ሰሙኝ።

«ያንን ተይው ልጄ፣ አብቅቶለታል» አሉኝ።

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ምነው?»

«ወደ መብራቱ ቀና አርጊው እስኪ። ኮከብ ይታይሻል?»

ቀና አደረግኩት። በዲስኩ የብር ቅብ መሃል ሦስት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብርሃኖች አየሁ።

«የሚነበበው ነገር ያለው ብሩ ላይ ነው። ከታች ያለው ፕላስቲክ ቢጫር ይታከማል፤ ከላይ ብሩ ከተላጠ ግን ኢናሊላሂ ነው።»

«እርስዎ የዲስክ ሐኪም ነዎት እንዴ?»

«ነበርኩ። አሁን ጡረታ የወጣሁ ፎጣ ገፊ ነኝ» አሉና ሳቁ። በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ለዓመታት የፎጣ ጋሪ ሲገፉ ኖረው ነው። የሚኖሩትም የት ይመስላችኋል? እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከመዋኛው ማዶ! ስንት ጊዜ ፓርኪንጉ ላይ ተላልፈናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ የደረጃው ጥላ ሥር፣ በሁለት ወንበር ርቀት ተቀምጠን ተማርኩ። እሳቸው ሲያወሩ ደሴ ትመጣለች። ፒያሳ ላይ የቪዲዮ ማከራያ ነበራቸው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሳያንኳኳ ሱቅ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ዲስኮቹ ላብ ሲያወጡና ሲዘሉ ብብታቸው ሥር አድርገው ያሞቋቸዋል። አንድ ፊልም ለአንድ አዳር ሁለት ብር፤ መያዣው መታወቂያ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ለህንድ ፊልም ይሰለፋሉ፣ ሻሻቸው አንገታቸው ላይ ወርዶ፣ የማን ተራ እንደሆነ እየተከራከሩ። ከፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ መግሪብ አንዱን ዘፈን ይደጋግመዋል፤ መንገደኛው ሁሉ በዚያ ዘፈን እግር ይራመዳል። ወንዱ ሁሉ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሷል። «መቼ ነበር ይሄ?» ስላቸው «ያኔ ነዋ!» ይላሉ፣ ያኔ የሚባል ዓመት ያለ ይመስል። «አንዱ ሲዲውን ሲመልስ "ጋሼ፣ ሲሰጡኝም ይዘል ነበር" ይለኛል፣ የሳምቡሳው ዘይት ገና ጢሙ ላይ እያበራ። ተቀብዬ እፍ እልበታለሁ፣ በሽርጤ ክብ እያደረግኩ እወለውለዋለሁ። እንደዚያ ነበር ሁላችንም የምናደርገው። ሱብሃነላህ፣ ስንቱን በገዛ እጄ ገደልኩት!»

በክብ መጥረግ ነፍሰ ገዳይነት መሆኑን ያወቅኩት እንዲህ ነው። የዲስኩ መስመር ክብ ስለሆነ፣ በክብ የተጠረገ ጭረት መስመሩን ይዞ አብሮት ይሄዳል። ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርገው በለስላሳ ጨርቅ ከጠረጉት ግን ጭረቱ መስመሩን ቆርጦት ያልፋል እንጂ አይከተለውም፤ ማሽኑም ትንሿን ክፍተት ዘሎ ያነባል። ሌላም ነገሩኝ፤ ዲስክ እንደ ዘፈን ሸክላ ከዳር አይጀምርም፣ ከመሃል ጀምሮ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄዳል። ይህን ስሰማ መዳፌ ላይ ያለውን ዲስክ አየሁትና የእማዬን ዲስክ አሰብኩ። መቶ ምናምን እንግዳ፣ አንድ ድንኳን ሙሉ እልልታ፣ የአባዬ ኮት፣ አያቴ፣ ሁሉም ከፀጉር በቀጠነ መስመር ላይ ተጠምጥመው ተኝተዋል፤ ክብደታቸው ከአንድ ብስኩት አይበልጥም። አንዲት የብርሃን ጫፍ ነክታ ታስነሳቸዋለች። «አጃኢብ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ዓይኔን አይተው። «ያን ያህል ዓመት ሠርቼበት እስካሁን አልለመድኩትም።»

ሁሉን ነገር ግን እሳቸውን ጠብቄ አልተማርኩም። ኢንተርኔት ላይ የጥርስ ሳሙና ዲስክ ያድናል የሚል አየሁና የአባዬን ጥርስ ማንጫ ሳሙና ወስጄ አንዱን ፊልም ፈተግኩት። በክብ! በነጋታው ሳሳያቸው ጋሽ ሰይድ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና «ጥርስ አወጣ እንዴ?» አሉኝ። እንደ ደመና ሆኖ ቀረ። ያን ቀን ነው የፈራሁት። ያ የሠርጉ ዲስክ ቢሆንስ?

እማዬም የፈራችው ይህንኑ ነው። ጋሽ ሰይድ ይዩት ስላት ፊቷ ተለወጠ። «አይሆንም» አለች። «አሁን ቢያንስ መዳፏን እስክትዘረጋ አያታለሁ። አንድ ነገር ቢሆን እሷም ትጠፋለች።» ሦስት ቀን ለመንኳት። በአራተኛው ዲስኩን በትራስ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ይዛው ወጣች። ጋሽ ሰይድ ከበራችን ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተቀበሏት። ወደ ሰማይ ቀና አደረጉት፤ ኮከብ የለም። ሆዱን አዩት፤ ጭረቱ ጥቂት ነው። ከዚያ የመስታወት ጠረጴዛችን ላይ አጋደሙትና ጎንበስ ብለው በጎኑ ተመለከቱት።

«አየሽ ሐያት? ዳሩ ተነስቷል። ሰሐን ሆኗል። መሃሉ ደህና ስለሆነ መጀመሪያው ይነበባል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ብርሃኑ መስመሩን ይስታል።» ገለበጡት። ከጀርባው ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የነበረው ጽሑፍ በፀሐይ ነጥቶ ጠፍቷል። «ይኸውላችሁ! ወረቀት! ወረቀቱና ሙጫው ሙቀት ሲያገኛቸው ይኮማተራሉ፣ ዲስኩን ይዘው ይጎትቱታል። ዲስክ ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ማነው እሱ ደነዝ? እጁን በአለንጋ ነበር!»

አባዬ ጥፋቱ ለሌላ ሰው በመካፈሉ ደስ ብሎት ከውስጥ «ልክ ነዎት፣ ጋሼ!» አለ።

የጋሽ ሰይድ አውራ ጣት ግን የዲስኩ መሃል፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ቆሟል። እዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች።

«መነጽሬን ስጪኝ» አሉኝ። መነጽሩ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበር። አወጣሁላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ደነዝ እኔ ነኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ሰው የተከራየውን ደህና ዲስክ በተበላሸ እየለወጠ ይመልስባቸው ስለነበር፣ ከሱቃቸው በሚወጣ ዲስክ ሁሉ ላይ ስማቸው የታተመበት ወረቀት ይለጥፋሉ። ወረቀቱን የሚልጥ ተንኮለኛ ሲመጣ ደግሞ ባለቤታቸው ፋጡማ መላ አመጣች፤ በጥፍር ቀለሟ መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ ጠብ ታደርጋለች። ነጥቧን ማንም ልብ አይላትም። የሠርግ ቀረጻም ይሠሩ ነበር፤ ቅጂውን ዲስክ ላይ አድርገው፣ ወረቀቱን ለጥፈው፣ ነጥቧን አስነክተው ለባለሠርጉ ይሰጣሉ። ፋጡማ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

«የሐይቁን ሠርግ የቀረጹት እርስዎ ነዎት?» አለች እማዬ፣ አፏን ይዛ።

«እህቴ፣ ስንት ሠርግ ቀርጫለሁ መሰለሽ! ሙሽሪት በመከናነቢያ ሥር ሁሉም አንድ ናት።»

«ሙሽራውስ?» አለ አባዬ።

«ሙሽራ ደግሞ ማን ያያል!»

ሁላችንም ሳቅን፤ የእሳቸው ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። «ወረቀቱን መላጥ አንችልም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብሩ ከሙጫው ጋር ተያይዟል፤ ወረቀቱ ሲነሳ እናትሽም አብራ ትነሳለች። ማቅናት ነው ያለው፤ ሲቀና ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ እጄን ባላነሳበት ይሻላል።» ዲስኩን ወደ እማዬ ዘረጉት። እማዬ ዲስኩን አየች፣ ቀይዋን ነጥብ አየች፣ ከዚያ እጃቸውን ሳትነካ ዲስኩን በሁለት እጇ ወደ እሳቸው መልሳ ገፋችው።

«እርስዎ ካጎበጡት፣ እርስዎ ያቅኑት» አለች።

ከሁለት የፎቶ ክፈፍ መስታወቶቹን አወጣን፤ አንዱ የሠርጋቸው፣ ሌላው የእኔ የትምህርት ቤት ሽልማት። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ መሃላቸው አስተኛነው፣ ከላይ አሥር ኪሎ የሩዝ ከረጢት። ጋሽ ሰይድ ፀሐይ በማይነካው የደረጃ ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ የሰኔው ሙቀት ራሱ ይበቃዋል አሉ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ እንጂ በድንገት ወደ ኤሲ እንዳናስገባው አስጠነቀቁን። ሦስት ቀን። እማዬ በየሰዓቱ ብቅ እያለች ከረጢቱን ቼክ ታደርጋለች፤ አንድ ጊዜ «እንዴት ዋልሽ?» ስትለው ሰማኋት። የቬጋስ ሙቀት ያጎበጠውን፣ ያው የቬጋስ ሙቀት እስኪያቀናው ጠበቅን።

በአራተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መስታወቱን አነሳን። አልተሰነጠቀም። ጠረጴዛው ላይ ሳጋድመው ዳሩ ሥር ጥፍሬን ማስገባት አቃተኝ። ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርጌ ጠረግኩት። ኮምፒውተሬ ውስጥ ላስገባው ስል ጋሽ ሰይድ «ተይ፣ እሱ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ወረቀቱ ያወዛውዘዋል። ለዚያ አቃሳች ዴክሽ ስጪው። ሽማግሌን ሽማግሌ ቀስ ብሎ ያነበዋል» አሉኝ። ከዴኩ ወደ ኮምፒውተሬ ገመድ ዘረጋሁ፣ አንዴ ከተነበበ እንዲያዝልን። ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ አዞርነው፤ ጋሽ ሰይድ ከውጭ ከወንበራቸው ያያሉ።

ኮቱ አለፈ። ብርጭቆዎቹ አለፉ። አክስቴ አለቀሰች። አርባኛው ደቂቃ ላይ የእማዬ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ሪሞቱ ሄደ፤ ቀድሜ አነሳሁት። አያቴ መጣች። መዳፏን ዘረጋች። «ልጄ ዘሃራ፣ አላህ...» አንድ ረድፍ አራት ማዕዘን በአረንጓዴው ሻሽ ላይ ተንቀጠቀጠ። አለፈ!

«... አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። የረገጥሽው ይለምልም። ደጅሽ ሰው አይጣ። ከእኔ ብትርቂ ከሰው አትራቂ።»

ድምፅዋ ወፍራም ነው። እኔ ቀጭን ይመስለኝ ነበር፤ ፎቶዋ ቀጭን ስለሆነ። እማዬ ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይታ፣ በእያንዳንዱ ቃል «አሚን፣ አሚን» ትላለች። ከዚያ አያቴ ድንገት ቆመችና ወደ እኛ፣ ወደ ካሜራው፣ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ድምፄን ይይዛል?» አለች።

«ይይዛል እማማ፣ ይቀጥሉ» አለ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ከካሜራው ጀርባ። «ፋጤ፣ መብራቱን ከፍ አርጊው።»

«እጄ ዛለ እኮ ሰይዴ!» አለች አንዲት ሴት እየሳቀች። «ከጠዋት ጀምሬ ተሸክሜው!»

«ውይ፣ ሰው አለች ለካ እዚያ!» አለች አያቴ። «ነይ ልጄ፣ አስቀምጪው። ሌላውን እያበራሽ አንቺ በጨለማ አትቁሚ። ነይ ልመርቅሽ።» መብራቱ ተወዛወዘ፣ ወረደ፣ የድንኳኑ ጥላ ሁሉ ተገለባበጠ። ፊቷ አይታይም። የአያቴ ምርቃትና የሴትዮዋ «አሚን» ብቻ ይሰማል።

ወደ በሩ ዞርኩ። ጋሽ ሰይድ ቆመዋል። ጭንብላቸውን በመዳፋቸው ይዘውታል።

«ፎቶ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፅዋ ግን አልነበረኝም። ያን ሁሉ ሠርግ ስቀርጽ እሷ ሁልጊዜ ከመብራቱ ጀርባ ናት። እሷን ልቅረጽ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።» «ሐያትዬ፣ እስኪ መልሽልኝ» አሉኝ።

መለስኩላቸው። «እጄ ዛለ እኮ ሰይዴ!» እንደገና መለስኩላቸው። አባዬ ወንበር አስጠጋላቸው። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም፤ እማዬ ግን በየጊዜው «አሚን» ትል ነበር፣ አሁን ለፋጡማ።

እንግዲህ ወሬ በግቢያችን እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ የደረጃው ጥላ በዲስክ ተሞላ። አንዷ የወንድሟን የኮሌጅ ምርቃት አመጣች፣ አንዱ ከመውጣቱ በፊት በገዛ እጁ የቀረጸውን የሰፈሩን መንገድ። ሁሉን አላዳንም፤ ኮከብ የታየበትን ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ለባለቤቱ ይነግሩታል፣ እኔ አልችልም። አሁን ካዚኖዎቹ በርተዋል፣ አባዬ ተሳፋሪ አለው፣ ፎጣዎቻችንም ከዳክዬነት አርፈዋል። ደረጃው ግን ስለጠበበን ነው ጠረጴዛ የጠየቅነው፤ ዛሬ ጠዋት ያዘለለኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ወደ አዳራሹ ኑ። ከቁም ሣጥን ሥር ያለውን፣ «ይዘላል» ብላችሁ የተዋችሁትን ይዛችሁ ኑ። እስከዚያ በሸሚዛችሁ አትወልውሉት፣ ወረቀቱን አትላጡት፣ እባካችሁ በመኪና ውስጥ አታቆዩት። ጋሽ ሰይድ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ቀና ያደርጉታል፣ እኔ ከመሃል ወደ ዳር እጠርገዋለሁ። ሲድን መሃሉ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አስነክቼ እመልስላችኋለሁ። «እኛ ዲስክ ላይ እኮ ምንም የለም፣ የሰው ሠርግ ነው» እንዳትሉኝ። የማን ሰው ከመብራቱ ጀርባ ቆሞ፣ እጁ እየዛለ እንደሚጠብቅ ሳታዩት አታውቁም።